የክሪስታል ዳታዬን የት ልቁረጠው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደሴ ነው። የማስተርስ ጽሑፌ አንድ ቁጥር ላይ ከቆመ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ (የሞለኪውልን ቅርጽ ከክሪስታሉ በኤክስሬይ በማወቅ ሥራ) የሠራችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ዳታው የአንድ ኢንዛይም ነው፤ ውጭ አገር ያለ ወዳጄ ሰብስቦ የላከልኝ። በድሮው ደንብ፣ ማለትም ሲግናሉ የስህተቱ ሁለት እጥፍ በሚሆንበት ቦታ፣ ሪዞሉሽኑ 2.2 አንግስትሮም ላይ ይቆረጣል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዝርዝሩ ይረቃል፣ ሲግናሉ ግን ይደክማል። ሲሲ-ሀፍን (ዳታው በዘፈቀደ ለሁለት ተከፍሎ ግማሾቹ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየውን፣ ሙሉ ስምምነት 1 የሆነበትን ቁጥር) ካየሁ ግን 1.95 ላይ ገና 0.3 አካባቢ ነው። ተመራማሪዎቹ ካርፕለስና ዲደሪክስ ደካማው ዳታም ሞዴሉን እንደሚያሻሽል በ2012 ስላሳዩ፣ ያንን ሁሉ መጣል ያንገበግበኛል።

አማካሪዬ «አብሽር፣ 2.2 ላይ ቁረጠውና ጨርስ» ይሉኛል። እኔ ግን ጥንድ ሪፋይንመንት (ሞዴሉን በተለያየ መቁረጫ ከዳታው ጋር እያስማሙ ማወዳደር) ሞከርኩ። ያው ሞዴል፣ ያው የአር-ፍሪ ስብስብ (ለፍተሻ ተለይቶ የተቀመጠ ዳታ)፤ አንዴ በ2.2፣ አንዴ በ2.1፣ አንዴ በ1.95። ከዚያ ሦስቱንም እስከ 2.2 ባለው ዳታ ብቻ አወዳደርኩ። አር-ፍሪ፣ ማለትም ሞዴሉ ከፍተሻው ዳታ የሚለይበት መጠን (ሲያንስ ይሻላል)፣ 24.3፣ 23.9 እና 24.0 በመቶ ሆነ። የመጨረሻዋ የ0.1 ልዩነት ትርጉም አላት?

ትናንት ማታ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣ መብራትም ሄዶ፣ በላፕቶፕ ባትሪ የኤሌክትሮን ማፑን (አተሞቹ ያሉበትን የሚያሳየውን ምስል) ሳይ አመሸሁ። 1.95 ላይ የአንድ አርጊኒን (ከኢንዛይሙ አሚኖ አሲዶች አንዱ) ጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል። 2.2 ላይ ቁርጥርጥ ያለ ነው። ዓይኔን ልመን ወይስ ቁጥሩን?

ሌላም አለ። በአንዱ አቅጣጫ ዳታው ቶሎ ይደክማል። በሞላላ ቅርጽ ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ልተወው? 2.1 ላይ ልርጋ ብዬ ነበር፤ ግን ለፈታኞቼ ምን ብዬ ላስረዳ? እናንተ ብትሆኑ የት ትቆርጡ ነበር?