ቀዩ ኮከብ ይበርዳል ወይስ ያቃጥላል? የኮሚናሉ ግድግዳ ክርክር

አድሚን፦ እንደምን አመሻችሁ፣ የየካ አባዶ ጎረቤቶች። ልጆቹ የኮሚናሉን ግድግዳ ስለው ጨርሰዋል። መሃል ላይ የሚወዱት የጠፈር አኒሜሽን ገጸ ባሕርያት አሉ፣ ዙሪያውን ከዋክብት። ያጨቃጨቀን ከሥር የተጻፈው ነው። ትልቁ ቀይ ኮከብ ሥር «ከሁሉም የሚያቃጥለው» ይላል። ትንሹ ሰማያዊ ሥር ደግሞ «የበረዶ ኮከብ»። ይስተካከል ያላችሁ አላችሁ፣ አትንኩት ያላችሁም አላችሁ። እዚሁ ተነጋግረን እንጨርስ። ስድብ የለም።

መምህር፣ ብሎክ 12፦ ይስተካከል ያልኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ እጃቸው ይባረክ። ግን ነገሩ ተገልብጧል። ከከዋክብት ቀዝቃዛው ቀዩ ነው። ቤትልጁስ የሚባለው ግዙፍ ቀይ ኮከብ የገጹ ሙቀት 3,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የፀሐያችን 5,500። ሰማያዊው ራይጀል ወደ 12,000 ይጠጋል። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ተተክሎ፣ እኛ ሥሩ ተቀምጠን ይሄን ስናምታታ ትንሽ ያሳፍራል።

የሠዓሊዋ እናት፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ሥዕል ነው እኮ፣ የፈተና ወረቀት አይደለም። ልጄ ስንት ማታ እጇን በአኳራጅ ስታስለቅቅ አመሸች! ቧንቧ ላይ እንኳ ቀይ ሙቅ፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ ነው።

በያጁ፦ እኔ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ብረት ያስተማረኝ ነገር አለ። ሲቀላ ገና ነው፣ በመዶሻ ታጎብጠዋለህ። ነጭ ሲሆን መንጠባጠብ ይጀምራል። መምህር ልክ ናቸው። የሚዋሸው ቧንቧው ነው።

ብሎክ 4፦ እሺ፣ ፀሐይስ? ግድግዳው ላይ ቢጫ ናት። ከከባቢ አየር ውጭ ስትታይ ግን ነጭ ናት። እሷንም እንለቅልቃት? ኮከቦቹ ላይ ያሉት ስድስት ሹል ጨረሮችስ? የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መስታወት ቅርጽ የሚፈጥራቸው እንጂ ኮከብ ሹል የለውም። መምህር፣ የትኛውን ስህተት ነው የምንምረው?

መምህር፣ ብሎክ 12፦ ያዝከኝ። ፀሐይን ነጭ ብናደርጋት ጨረቃ ትመስላለች፣ ትቅር። ጨረሮቹም ያምራሉ። ቀለም አልነካም። እኔን የከነከነኝ ጽሑፉ ነው። ሥዕል ዝም ብሎ ቢቆም ማንም አይጠይቀውም። ከሥሩ «ይሄ ያቃጥላል» ብለህ ከጻፍክ ግን ነገር ተናግረሃል። እዚያ ጋ ኳስ የሚጫወት ሕፃን ያነበዋል።

ከሠዓሊዎቹ አንዱ፦ መምህር፣ ግን ፋን አርት ነው፣ ከምንወደው አኒሜሽን ታሪክ ተነሥተን የሣልነው። ታሪኩ ላይ ክፉው ንጉሥ የሚኖረው ቀዩ ኮከብ ላይ ነው፣ ሁሉን ያቃጥላል። ትንሹ ላይ ደግሞ ምስኪኖቹ ተሰደው ይኖራሉ። ይሄን ከቀየርን ታሪኩ ይበላሻል።

መምህር፣ ብሎክ 12፦ ስማኝ ልጄ። ነጭ ድንክ የሚባል የኮከብ ዓይነት አለ። ነዳጁን ጨርሶ የቀረ የኮከብ እምብርት ነው። ሲሪየስ ቢ አንዱ ነው። መጠኑ እንደ መሬት፣ ክብደቱ ግን የፀሐይን ያህል። ሙቀቱ 25,000 ዲግሪ ገደማ። ንጉሥህ ግዙፍ ነው፣ ግን ቀዝቅዟል። ምስኪኖቹ ያሉበት ትንሹ ከሱ በብዙ እጥፍ ይግላል።

ከሠዓሊዎቹ አንዱ፦ በናትዎ? ማለት ንጉሡ ሳያውቀው ተበልጧል?

የሠዓሊዋ እናት፦ አሁን ደግሞ እንደ አዲስ ሊጀምሩ ነው። እራታችሁን ብሉ መጀመሪያ።

ጋሼ፣ ብሎክ 31፦ ግድግዳውን ትታችሁ ቀና በሉ። ጥር ላይ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ኦሪዮን የሚባለው፣ ሰው የሚመስለው የከዋክብት ስብስብ አናታችን ላይ ነው። መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ያለው ራሱ። መብራት የጠፋ ቀን ከሆነማ የበለጠ። ትከሻው ላይ ያለው ቀላ ይላል፣ እሱ ቤትልጁስ ነው። እግሩ ጋ ያለው ነጣ ብሎ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ራይጀል። ለዓይናችሁ ጥቂት ደቂቃ ስጡት፣ ልዩነቱን ያለ ቴሌስኮፕ ታያላችሁ።

ብሎክ 4፦ እኔ አሁንም ባይነካ እላለሁ። ልጆቹ ራሳቸው ከፈለጉ ግን አልከራከርም።

አድሚን፦ ልጆች፣ እናንተው ወስኑ።

ከሠዓሊዎቹ አንዱ፦ ተነጋገርን። ሥዕሉ እንዳለ ይቀመጣል። ጽሑፉን ብቻ አጥፍተን ቀዩ ሥር «የሚቀዘቅዘው ንጉሥ» ብለን እንጽፋለን። የትንሹን ገና አልተስማማንም። ነጭ ቀለም ግማሽ ጣሳ ተርፎናል። ቀጭን ብሩሽ ያለው ሰው አለ?