ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ የማላምን ሆኜ ይሆን?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ወገኖች። ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አምና እናቴ ታማ ስንት ሌሊት ጸለይኩ፣ ግን አረፈች። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሄዳለሁ፣ እዘምራለሁ፣ ስጸልይ ግን የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ዕብራውያን 3፥12 ላይ «ክፉና የማያምን ልብ» የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔን ነው የሚለው?

ወንድምሽ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ያ ክፍል የሚያስታውሰው እስራኤልን በምድረ በዳ ነው። የተስፋይቱን ምድር አይተው እንዲመጡ ከተላኩት 12 ሰላዮች 10ሩ ሕዝቡን አስፈራሩ፣ ሕዝቡም ወደ ግብፅ እንመለስ አለ፣ 40 ዓመት ተንከራተቱ። ባሕር ሲከፈል በዓይናቸው አይተዋል እኮ! ማስረጃ አልጎደላቸውም፣ ልባቸውን ነው ያደነደኑት። ያንቺ ሐዘን ነው፣ ሁለቱን አታምታቺ።

የድሮ ዘማሪ፦
ልክ ነው፣ ግን አደጋውን አናቅልለው። እኔ ጥርጣሬዬን 3 ዓመት ደብቄ ዘምሬአለሁ። መጀመሪያ ጸሎት ቀረ፣ ቀጥሎ ወዳጆቼን መሸሽ ጀመርኩ፣ በኋላ ኃጢአት እንኳ አላስደነግጥህ አለኝ። ቀጣዩ ቁጥር «በእያንዳንዱ ቀን እርስ በርሳችሁ ተመካከሩ» የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ብቻሽን አትሁኚ።

እማማ፦
ልጄ፣ ማርቆስ 9 ላይ የታመመ ልጁን ወደ ጌታ ያመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታ አላባረረውም። የሱ ልጅ ዳነ፣ ያንቺ እናት ለምን እንዳልዳነች አላውቅም። ያቺን አጭር ጸሎት ግን ዛሬ ማታ ጸልያት።

ጠያቂዋ፦
እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ነገ ለአንዲት ጓደኛዬ ደውዬ ሁሉንም እነግራታለሁ።