የ1967 ሙስታንግ መሪ ወደ ቀኝ ይዙር ወይስ እንዳለ ይቀመጥ?

የፉትስክሬዩ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ነው የምኖረው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው አንድ መኪና ነበር። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አገኘልኝ። የ1967 ፎርድ ሙስታንግ ነው፤ ሞተሩ 289 የሚባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር (ቪ8)፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ። በመርከብ መጣ፣ ተመዘገበ፣ ሁለት ወር ነዳሁት። ችግሩ መሪው በግራ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው።

ፓርኪንግ ስገባ የትኬት ማሽኑ በቀኝ ነው ያለው። ባለቤቴ አብራኝ ከሌለች ቀበቶዬን ፈትቼ፣ በጎን ወንበር ላይ ተንጋልዬ ነው የምቆርጠው። ከኋላ ያለው ሰው ጡሩምባውን ያንባርቃል። ይሄስ ይሁን። ያስፈራኝ ሌላ ነው። ከሆርሻም ከተማ ስንመለስ እህል የጫነ ረጅም መኪና ከፊታችን ገባ። ደርቤ ለማለፍ ብፈልግ ከእኔ ወንበር ምንም አይታይም። ባለቤቴ አንገቷን አውጥታ «አሁን! አሁን! አይ ቆይ፣ ቆይ!» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ መኪና ከከተማ አልወጣም ብላለች።

አንድ ጋራዥ መሪውን ለማዞር 28 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ጠየቀኝ። ሌላው በ9 ሺህ እጨርሳለሁ አለ። የድሮው የመሪ ዘንግ ቦታው ላይ ይቀራል፣ አዲሱ መሪ በቀኝ ይገጠማል፣ ሁለቱን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰንሰለት ያገናኛቸዋል ነው የሚለው። ምን ትሉኛላችሁ?

አሮጌ መፍቻ

ልጄ፣ መጀመሪያ የ9 ሺውን ሰውዬ ስልክ ከስልክህ አጥፋ። ሰንሰለት ይረግባል። ሲረግብ መሪው ባዶውን ይዞራል። ሲበጠስ ደግሞ የሞትህ ማስታወቂያ ላይ «በድንገተኛ አደጋ» ይባልልሃል።

የ28 ሺው ዋጋ ለምን እንደተወደደ ልንገርህ። 38 ዓመት መካኒክ ነበርኩ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላ እዚሁ ሜልበርን። እድለኛ ነህ፣ ሙስታንግ የተሠራው በፎርድ ፋልከን መሠረት ላይ ነው። ፋልከንን ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ራሳቸው በቀኝ መሪ ይሠሩት ነበር። ስለዚህ ስቲሪንግ ቦክሱን፣ ክንዶቹን፣ ዘንጎቹን ከአሮጌ ፋልከን ማግኘት ይቻላል። ፎርድ ራሱ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲድኒ፣ ሆምቡሽ ውስጥ 200 ያህል ሙስታንግ አዙሮ ሸጧል።

አሁን ወደ መከራው እንግባ። የ289 ሞተር ሞተሪኖው በቀኝ ነው። የቀኙ ጭስ ማውጫም እዚያው ይወርዳል። ስቲሪንግ ቦክሱም እዚያው ቦታ መቀመጥ ይፈልጋል። ሦስት ሰው አንድ ወንበር ላይ ማለት ነው። ጭስ ማውጫው ይቀየራል፣ ሙቀቱ የመሪውን መጋጠሚያ እንዳያበላሽ መከለያ ይሠራል።

ፍሬኑ ከዚህ ይብሳል። ሞተሩን ከካቢኔው የሚለየው ላሜራ በግራ በኩል የፍሬን ፔዳልን ጉልበት እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው። በቀኝ ያለው ዝም ብሎ ቆርቆሮ ነው። ካላጠናከርከው ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ላሜራው ወደፊት ይገፋል። መኪናው ግን አይቆምም። አንዴ አይቻለሁ፣ ላሜራው ተሰንጥቆ።

ከዚያ እግርህ ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ ላይ የማሞቂያው ሳጥን ተቀምጧል፤ እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ዳሽቦርዱ ይሠራል። የዝናብ መጥረጊያው አቅጣጫ ካልተቀየረ የምታይበትን መስታወት ትቶ የሚስትህን ያጸዳል።

አዞረዋለሁ ካልክ ግን ብረት ከመቆረጡ በፊት ቫስ በሚባለው የመኪና ምርመራ ሥርዓት የተፈቀደለትን ፈራሚ መሐንዲስ አማክር። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የሚያጸድቀው እሱ ነው። ተበይዶ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ብትጠራው የብየዳውን ውስጥ ማየት አይችልም፤ አይፈርምልህም።

ሻርጃ 6 ዓመት

የጋሼ ነገር ልክ ነው። እኔ ሻርጃ፣ ኤምሬትስ ውስጥ በተቃራኒው ነበር የምሠራው፤ ከጃፓን የመጡ ቪትዞችን መሪ ከቀኝ ወደ ግራ። ብዙዎቹ አዲስ አበባ ነበር የሚሄዱት። ቪትዝ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ቶዮታ ራሱ በግራ መሪ ያሪስ ብሎ ይሠራዋል፤ ኦሪጅናል ዕቃ አለ። መፍታትና መግጠም ነው። እሱም ቢሆን ያስቸግራል። ሽቦ እየቆረጥን ስንቀጥል አንዱን መኪና ፍሬቻ ስታበራ ሬዲዮው እንዲጠፋ አድርገነው ነበር። ባለቤቱ ሳምንት ሙሉ ሬዲዮው ነው የተበላሸው እያለ ከረመ። ሙስታንግ ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ አልፈልግም።

ለትኬቱ ረጅም የባርቤኪው መቆንጠጫ ግዛ። የእውነቴን ነው።

ደረቅ እውነት

ሽጠውና የ2016ቱን ግዛ። ሙስታንግ ከፋብሪካ በቀኝ መሪ መውጣት የጀመረው በ2015 ሞዴል ነው። 28 ሺህ ዶላር ለአንድ መሪ?

አሮጌ መፍቻ

እሱ የጠየቀው ስለ 1967ቱ ነው። አንተ ግን ልጄ፣ መሪውን ማዞር አልመክርህም፣ አትንካው። እዚህ 30 ዓመት ያለፈው መኪና በግራ መሪ መነዳት ይችላል፤ ማንም አያስገድድህም። ገዢም ሲመጣ ያልተቆረጠውን ነው የሚፈልገው። ግን ሁለት ነገር ዛሬውኑ አድርግ። ፋኖሶቹ ለአሜሪካ የተሠሩ ናቸው፣ ዝቅ ሲሉ ወደ ቀኝ ነው የሚያበሩት፤ ከፊትህ የሚመጣውን ሰው ታሳውራለህ። ቀይራቸው። ከኋላም ግራ መሪ መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ ለጥፍ። ደርበህ ማለፍን እርሳ። ከእህሉ መኪና ኋላ ሆነህ ሙዚቃ ስማ። ሰፊ ርቀት ተው፣ ወደ ኋላ ስትቀር ነው ፊትህ የሚታይህ።

የፉትስክሬዩ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋኖሶቹን ቅዳሜ ቀየርኩ። ጽሑፉንም ለጠፍኩ። መሪው ባለበት ይቆያል፤ ለ9 ሺው ሰውዬም አልደወልኩም። ባለቤቴ ሆርሻምን እስካሁን አልተቀበለችም፣ ቅርባችን ያለው ሰፈር ዊሊያምስታውን ድረስ ግን እሺ ብላለች።

መቆንጠጫው ደግሞ ሠርቷል። 14 ዶላር።