ትምህርት ቤት ሳይገቡ ፎቶ አንሺ መሆን ይቻላል?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደሴ ነኝ። ከአጎቴ የተዋስኩት አሮጌ ካኖን አለኝ። አምስት ወር ሙሉ ሰኞ ገበያ እየወጣሁ ተሸካሚዎቹን ሳነሳ ቆየሁ። ሠርግ ሳይሆን ኑሮን ነው ማንሳት የምፈልገው። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት። ባለፈው ሰኞ አንድ ሰውዬ ጆንያውን አውርዶ ሲያርፍ ገመዱ ትከሻው ላይ የተወውን ሰንበር አነሳሁ። ፎቶው በጣም ያምራል። ግን ቀና ብሎ «ምን ታደርግበታለህ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ካሜራውን አልነካሁም። በራሳቸው ተምረው የዘለቁት ሰዎች እንዴት ነው የሠሩት?

ቦርከና፦
አብሽር ወንድሜ። የሴባስቲያኦ ሳልጋዶን ሥራ ፈልገህ እይ። ብራዚላዊ ነው፤ በ2025 ነው (በፈረንጆቹ) በ81 ዓመቱ ያረፈው። የተማረው ኢኮኖሚክስ ነበር። ለንደን በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ተቀጥሮ ለሥራ አፍሪካ ሲመላለስ የሚስቱን ካሜራ ይዞ ይመጣ ነበር፤ በዚያው ልቡ ሸፈተና በ1973 ደሞዙን ትቶ ወጣ። በ1984፣ እኛ የ77ቱ ድርቅ በምንለው ጊዜ፣ ኮረም መጠለያ መጥቶ አንስቷል። በወልድያ አድርገህ ወደ መቀሌ ስትሄድ የምታልፋት ኮረም! አንተ ደግሞ ተሸካሚ ስለምታነሳ በ1986 ብራዚል ሴራ ፔላዳ የወርቅ ጉድጓድ ያነሳቸውን አትለፋቸው። አፈር የሞላ ጆንያ በጀርባቸው አዝለው መሰላል የሚወጡ ሰዎች ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች በጭቃ የተለወሱ።

እትዬ ከሆጤ፦
ልጄ፣ በ77 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በራችን ላይ የተጠጋች አንዲት እናት ነበረች። አንድ ሰው መጣ፣ አነሳት፣ ሄደ። ስሟን እንኳ አልጠየቃትም። እናቴ ወይዘሮ ዘይነባ እያለች ነበር የምትጠራት። ሳልጋዶንም ሰዎቹን በስም አይጠራም ብለው የወቀሱት አሉ፣ እኔም በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። ያ ሰውዬ የጠየቀህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሂድና ስሙን ጠይቀው። ከየት እንደመጣ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ትከሻውን ሲያመው ምን እንደሚቀባው ጻፍ። ፎቶውን አሳጥበህ ስጠው።

ቦርከና፦
እትዬ ልክ ብለዋል። የናይሮቢው መሐመድ አሚንም ከልጅነቱ ጀምሮ በራሱ የለመደ ነው። በጥቅምት 1984 ቢቢሲ ያሳየውን የኮረም ፊልም የቀረጸው እሱ ነው። በ1991 አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። አንተ በአንድ ጥያቄ አታቁም።

የጦሳ ልጅ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ በጠዋት እሄዳለሁ። 10 በ15 ይበቃል ወይስ ከዚያ ይተልቅ?

እትዬ ከሆጤ፦
ተለቅ አድርገው ልጄ። ቤቱ ይሰቅለዋል።