ስሙ የጠፋ የጋሼ ጥይት፦ የየትኛው ፋብሪካ ይሆን?

አንጎለላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በ1968 ዓ.ም. ምዕራብ ጀርመን ሙያ ተምረው ሲመለሱ አንድ የአየር ጠመንጃ ይዘው መጡ፤ ፋይንቬርክባው 300። ለማታውቋት፦ የምትቀባበለው በጎኗ ባለ ክንድ ነው። ስትተኮስ ብረቷ ሰደፉ ላይ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ትከሻ አትመታም። ጋሼ እሁድ ከቅዳሴ መልስ 10 ሜትሩን በሜትር ለክተው፣ ወረቀት አጥር ላይ ሰቅለው ይተኩሱ ነበር። ወረቀት ቀያሪው እኔ ነበርኩ።

ጥይቱን እስከ ደርግ መጨረሻ የሚልኩላቸው አንድ የጀርመን ወዳጃቸው ነበሩ። ጋሼ አምና አረፉ፤ ጠመንጃዋና አንድ ቆርቆሮ ጥይት ለእኔ ደረሱኝ። ቆርቆሮው ክረምት ጣሪያ ሲያፈስ ዝጎ ኖሮ ክዳኑ ላይ የሚነበበው «ማች» (ውድድር) እና «ደብሊው ጀርመኒ» ብቻ ነው። ከታች ክብ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ «4,4» ይልና ቀጣዩን ቁጥር ዝገት በልቶታል። የጥይቱ ራስ ጠፍጣፋ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ታቹ እንደ ቀሚስ የሰፋ ነው። ወርቅ ቤት ወስጄ አሥሩን አስመዘንኩ፤ 5.3 ግራም ወጣ።

ገበያ ያገኘሁትን ሹል ጥይት ሞከርኩ፤ አምስቱ የስኒ አፍ ያህል ተበታተኑ። የጋሼ አምስት ግን አንድ ቀዳዳ ውስጥ ተደራርበው ገቡ። የቀሩኝ 140 ያህል ናቸው። ምን እንደሆኑ ሳላውቅ እንዳልጨርሳቸው እርዱኝ።

ጣርማበር፦
ወንድሜ፣ ጥሩ ጀምረሃል። «ደብሊው ጀርመኒ» ምዕራብ ጀርመን ማለት ነው፤ ጀርመን የተዋሐደችው መስከረም 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ስለሆነ ቆርቆሮው ከዚያ በፊት የታተመ ነው። ጠፍጣፋው ራስ የውድድር ጥይት ምልክት ነው፤ ወረቀቱን ሳይቀድ ክብ አድርጎ ስለሚቆርጠው ነጥብ ለመቁጠር ይመቻል። አንዱ 0.53 ግራም መሆኑ ደግሞ የጠመንጃ መሆኑን ይነግርሃል፤ የሽጉጡ ይቀላል።

ፋብሪካውን ግን ክብደት አይለይልህም። ሁለቱ የጀርመን ጥይት ፋብሪካዎች፣ አር ደብሊው ኤስ (RWS) እና «ሄንድለር እና ናተርማን» የሚባለው፣ የጠመንጃ ውድድር ጥይታቸው 0.53 ነው። ሄንድለር ደግሞ በሌላ ስም ለሚሸጡ ነጋዴዎችም ሲሠራ የኖረ ነው፤ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ቢነበብ እንኳ ሠሪውን ላያሳይህ ይችላል። እኔ ብሆን ስሙን ትቼ ያንን የተበላ ቁጥር ነበር የምፈልገው። የጥይቱ ራስ ስፋት ነው፤ 4.48 ወይም 4.49 ሚሊሜትር። ጠመንጃህ የወደደችው እሱን ነው። በብረታ ብረት ቤት ካሊፐር (ባለ መንጋጋ መለኪያ) አትለካው፤ የመቶኛ ሚሊሜትር ልዩነት በደንብ አያሳይህም፣ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነም መንጋጋው ይጨፈልቀዋል።

ሞላሌ፦
ልጄ፣ አጎትህን ነፍስ ይማር። እኔ አንድ ነገር ብቻ ላሳስብህ። ጥይቱ ላይ ነጭ ዱቄት አለው? ካለው የእርሳስ ዝገት ነው፤ መርዝ ነው። በእጅህ አታሽ፣ በአፍህ አትንፋው። ነጭ የለበሰውን ለይተህ አትተኩሰው፤ ልኩም ተለውጧል። በጥምቀት ሜዳ ፊኛ የሚያስመቱ ልጆች ጥይቱን በከንፈራቸው ይዘው ሲያጎርሱ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። በቤትህ ሕፃን ካለ ቆርቆሮውን ቆልፍበት፤ ከነካህም ሳትበላ እጅህን በሳሙና ታጠብ።

አንጎለላ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ዱቄት ነበረው፤ ከታች የተኛው 30 ያህል ነጭ ለብሷል። በጓንት ለይቼ፣ በጠርሙስ ከድኜ ልጄ የማይደርስበት ቆጥ ላይ አስቀመጥኩት።

ጣርማበር፣ ቃልህን ይዤ የጋሼን ሣጥን እንደገና ፈተሽኩ። ያኔ እኔ ስቀይራቸው የነበሩት ወረቀቶች በሲባጎ ታስረው ተቀምጠዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ ቀኑን በእርሳስ ጽፈውበታል፤ ሥሩ ላይ «4,49»። አንድም ቦታ የፋብሪካ ስም አልጻፉም። ጀርመን ላለችው የአክስቴ ልጅ ዛሬ ማታ ደውዬ ከሁለቱም ፋብሪካ 4.49 እንድትልክልኝ ነገርኳት። ከጋሼ ጥይት 20ውን ለማመሳከሪያ አልነካቸውም።