«መነጽር የፈሪ ነው» ተባለ፤ እስኪ እንከራከር

የጮቄ ልጅ፦
ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የነበረውን ድምፅ ሰምታችሁታል። ወጣቶች «ዒላማ ተኩስ እዚህ ጎጃም በስፖርት ደረጃ ይጀመር፣ መነጽር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ማለሚያ) የተገጠመለት ጠመንጃም ይፈቀድ» አሉ። አንድ አዛውንት «መነጽር የፈሪ ነው፤ የኛ ሰው በዓይኑ አልሞ ይጥላል» ብለው መለሱ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ሽማግሌ ማክበር አንድ ነገር ነው። ልፋት ያለበትን ሙያ ፈሪነት ብሎ መሳደብ ሌላ ነው።

ደጀን በር፦
አባቶቻችን ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያንን ሲገጥሙ መነጽር ማን ሰጣቸው? በላይ ዘለቀ መነጽር ለምኖ ነው የተዋጋው? አዛውንቱ እውነት ተናገሩ። መነጽር የፈሪ ነው።

የጮቄ ልጅ፦
በላይን ለዚህ አትጥራው። አርበኛ ያልነበረውን ዕቃ ናቀው ማለት አይደለም። ከጣሊያን የማረከውን መሣሪያስ «የፈሪ ነው» ብሎ ጥሎት ሄደ? በባላገሩ እጅ ከነበሩት አንዱ ውጅግራ ነው። በፈረንጆች 1874 የወጣ የፈረንሳይ ሥሪት፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ጥይቱ ከባድና ዝግተኛ ስለሆነ ቶሎ ይወርዳል። ተጠግቶ መተኮስ ግድ ነበር። ጀግንነታቸው መጠጋታቸው ላይ ነው እንጂ መነጽር በማጣታቸው አይደለም።

ደጀን በር፦
ራስህ አልከው። መጠጋት ጀግንነት ነው። ከሩቅ ሆኖ መተኮስስ ምን ይባላል?

የጮቄ ልጅ፦
የወረቀት ዒላማ ነው ያልኩህ ወንድሜ! ወረቀት ላይ ምን መጠጋት አለ?

ቡሬ ዳሞት፦
ቆይ፣ ስሜቱን ተውትና ወደ ውድድሩ ኑ። በኦሎምፒክ የጠመንጃ ውድድር መነጽር ክልክል ነው። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ አሥር ነጥብ የምታሰጠው ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነች። ተወዳዳሪው በቀዳዳ አሻግሮ ነው የሚያልመው። ታዲያ አዛውንቱ ምን አጠፉ?

ደጀን በር፦
ይኸው! ኦሎምፒክም «የፈሪ ነው» ብሏል።

የጮቄ ልጅ፦
የት ነው ያለው? ኦሎምፒክ ለራሱ ውድድር ደንብ አወጣ እንጂ ማንንም አልሰደበም። ኤፍ ክላስ የሚባል ዓለም አቀፍ ውድድር አለ። ተኝተው በመነጽር ነው የሚተኩሱት፣ 1,000 ያርድ ድረስና ከዚያም በላይ። እዚያ ነፋስ ማንበብ የማይችል ሰው መነጽሩ የትም አያደርሰውም።

የዒላማ ሜዳ ሰው፦
ልጆች፣ እኔ በዒላማ ሜዳ ነው ያረጀሁት። «የፈሪ ነው» የሚለውም «መነጽር ይተኩስልኛል» የሚለውም አንድ ናቸው። ሁለቱም መነጽር ጠመንጃ ላይ ገጥመው አያውቁም። ሰው ውድ መነጽር ይዞ ይመጣል፤ ሦስት ይተኩሳል፤ ሦስቱም ሦስት ቦታ ይሄዳሉ። ከዚያ መነጽሩን ይሰድባል። ፈትቼ ሳየው የመቀመጫው ብሎን ዘይት ጠጥቷል፤ ጠመንጃው በረገጠ ቁጥር ፀጉር በምታህል እየተንሸራተተ ነበር። ብሎኑን በቤንዚን ጠርጎ ማድረቅ ነው። መነጽሩን የያዙትን ቀለበቶች ብሎን በመስቀል ተራ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ ማዶ፣ ትንሽ በትንሽ ማጥበቅ። አንዱን ወገን ብቻ አጥብቆ የጨረሰ ሰው ቱቦውን ያጣምመዋል። ከዓይን እስከ መነጽር ስምንት ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ይተው፤ አለዚያ ቅንድብ ይሰነጠቃል፤ ደሙን አይቻለሁ።

ቡሬ ዳሞት፦
አያ፣ መነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማለሚያ መስቀል ትንሽ ቢያዘነብልስ ምን ይጎዳል? እኔ በዓይኔ ገምቼ ነው የማስተካክለው።

የዒላማ ሜዳ ሰው፦
በቅርብ አይታወቅህም። ርቀት ሲጨምር ግን ወደ ላይ ያረምክ መስሎህ ወደ ጎን ትሄዳለህ። ግንበኛ የሚጠቀምበትን ቱንቢ ከፊት ለፊትህ ስቀል። ጠመንጃውን ቀጥ አድርገህ አስረህ መስቀሉን ከክሩ ጋር አስተያየው። ከዚያ በ25 ሜትር ጀምር፤ ወረቀቱን ስታገኝ 100 ሜትር ሂድ። በአንድ ጥይት አትፍረድ። ሦስት ወይ አምስት ተኩስና የስብስቡን መሃል ይዘህ ከዒላማው ምን ያህል እንደራቀ በክሊክ ቁጠር፤ ክሊክ ማለት የመነጽሩ ማረሚያ ቁልፍ ሲዞር አንዷ ቀጭታ ነች። ባለ 0.1 ሚል መነጽር ከሆነ (ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው) አንድ ክሊክ በ100 ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ነው። ስብስቡ ራሱ ከተበተነ ደግሞ ክሊኩን አትንካው፤ ችግሩ ብሎኑ ወይ ትከሻህ ነው። የጥይቱን ዓይነት ከቀየርክ እንደገና ትጀምራለህ።

የጮቄ ልጅ፦
አያ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ፈሪ ይባል?

ደጀን በር፦
ትዕግሥተኛ ነው እንጂ ጀግና ነው አልተባለም። ደግሞ ጮቄ ላይ ያስተካከላችሁት አባይ በረሃ ስትወርዱ ይበላሻል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቦታ ሲቀየር የሚከዳ ዕቃ ምን ይሠራል?

የጮቄ ልጅ፦
ዕቃው መች ከዳ? ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ ጥይቱን እምብዛም አይዘውም። በረሃው ላይ አየሩ ይወፍራል፤ ጥይቱ ቶሎ ይደክማል። በ100 ሜትር ልዩነቱ አይታወቅም፤ 500 ላይ ይታያል። ያለ መነጽር የተኮሰም ያው ነው የሚገጥመው። አየሩ የአንተን ዓይን ያውቀዋል?

የብቸናዋ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በዚህ ጊዜ የምትከራከሩበት ይሄ ነው? ጎጃም ስንት ቤት ለቅሶ ተቀምጧል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ይናፍቃሉ። እናንተ ስለ ክሊክ ታወራላችሁ። የትኛውም ጠመንጃ ለኔ ጥሩ አይደለም።

ደጀን በር፦
እታለም፣ ጠመንጃ ለጎጃም ባላገር ክብሩ ነው። ይሄንን ስንወለድ አገኘነው።

የብቸናዋ፦
ክብር ከሆነ በየሰርጉና በየለቅሶው ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ምንድነው? ወደ ላይ የሄደ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፤ ሰውም ይገድላል። ለዚያ ዒላማው ማን ነው? መነጽር የፈሪ ነው የምትሉ ሰዎች፣ ሳያልሙ ሕዝብ መሃል መተኮስን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?

ቡሬ ዳሞት፦
እህቴ እውነት ብላለች። ደግሞ የ1177/2012 አዋጅ አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም። ስፖርት ካልን ፈቃድ፣ የተከለለ ሜዳና ከኋላው የአፈር ግድግዳ ይቅደም።

ደጀን በር፦
አዋጅ ደግሞ አመጣህ። የአባቴን ጠመንጃ ፈቃድ ጠይቄ ልውረሰው?

ቡሬ ዳሞት፦
አዎ፣ ጠይቀህ። ምን ችግር አለው?

ደጀን በር፦
ችግሩ ማን እንደሚሰጥ አለመታወቁ ነው። ጥያቄዬን አትዝለለው።

የጮቄ ልጅ፦
የዘለልከውስ አንተ ነህ። የብቸናዋ የጠየቀችህን መልስ። የሰርግ ተኩስ ክብር ነው ወይስ አይደለም?

ደጀን በር፦
የሰርግ ተኩስ ባህል ነው። እሱን ከመነጽር ጋር አታገናኙብኝ።

የብቸናዋ፦
እኔ አገናኛለሁ። ጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ የወደቀችውን አረር ከፈለግህ መጥተህ እያት።