ክርክር፦ የውጭ ግራንት የወሰደ መምህር ወደ አገሩ የመመለስ ግዴታ ይኑርበት?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ይህ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሌላ አገር ሄዶ እንዲያስተምር ወይም እንዲመራመር ግራንት ተሰጠው እንበል። ጊዜውን ሲጨርስ የግድ ወደ አገሩ ይመለስ? ወይስ ምርጫው ለራሱ ይተውለት?

ለመነሻ ፉልብራይት የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት ግራንት እንውሰድ። ግራንቱን ያቋቋመው ሕግ በሴናተር ዊሊያም ፉልብራይት አመንጪነት የወጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ የተገኘው ከጦርነቱ በኋላ በየአገሩ የቀረው የአሜሪካ ትርፍ ንብረት ተሽጦ ነበር። ዛሬ በዚህ ግራንት ወደ አሜሪካ የሚሄድ የውጭ ምሁር ለልውውጥ ጎብኚዎች በሚሰጠው በጄ ዋን ቪዛ ይገባል። ሲጨርስ በድምሩ 2 ዓመት አገሩ ላይ መኖር አለበት። ካልኖረ ኤች ዋን ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛም ሆነ ግሪን ካርድ ማግኘት አይችልም። ልክ ነው ትላላችሁ? ተከባብረን እንነጋገር።

የክፍል ኃላፊው፦
ልክ ነው። እንዲያውም ይጥበቅ ባይ ነኝ።

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ የሴሚስተሩ የኮርስ ድልድል ተለጥፏል። አንዱ ኮርስ ትይዩ የመምህር ስም አለ፤ ተሰርዟል። ከጎኑ በእርሳስ ሌላ ስም ተጽፏል፤ እሱም ተሰርዟል። ሦስተኛው ስም የእኔ ነው። ሁለቱም መምህራን "ለ10 ወር ነው" ብለው ነው የወጡት። የድጋፍ ደብዳቤያቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ወደ ክፍሉ አልተመለሱም። በእነሱ አማካሪነት ቴሲስ የጀመሩ የማስተርስ ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱ ትምህርቱን አቋርጠው ሄደዋል።

ግራንቱ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ሸክሙ ግን የክፍሉ በሙሉ ነው። ባልደረቦቹ ኮርሶቹን ተከፋፍለው ስለያዙለት ነው እሱ ሻንጣውን የሚያዘጋጀው። ያ ዕዳ የሚከፈለው ተመልሶ ክፍል ሲገባ ብቻ ነው።

ድህረ ዶክ፦
ያዘኑበት ነገር ይገባኛል። እኔም ወጥቼ የቀረሁ፣ ከዶክትሬቴ በኋላ በምርምር ሥራ ላይ ያለሁ ነኝና ሲያነቡኝ እንዳይከፋዎት። ግን እርስዎ የሚፈልጉትን ነገር ሕጉ አይሰጥዎትም። ሕጉ የሚለው "አገርህ ላይ ኑር" ነው። "ክፍልህ ገብተህ አስተምር" አይልም። ተመልሶ ነጋዴ ቢሆንም 2 ዓመቱ ይቆጠርለታል።

ሌላም አለ። የሚዘጋው የአሜሪካ በር ብቻ ነው። ሰውየው ከዚያው ተነስቶ ሦስተኛ አገር ሥራ ቢይዝ ማንም አያስቆመውም። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ሁለቱ መምህራን አሁን የት ናቸው?

የክፍል ኃላፊው፦
አንዱ ካናዳ ነው። ከአሜሪካ በቀጥታ። ሌላዋ ተመልሳለች፤ የምትሠራው ግን አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። ቢሆንም ይህ የሚያሳየው ግዴታው ቀዳዳ እንዳለበት ነው። ቀዳዳ ካለው ይደፈናል። ለምን ይጣላል?

ተመላሿ፦
እኔ ተመልሻለሁ። የሚያስገድደኝ ነገር አልነበረም፤ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ስለዚህ እስቲ መመለስ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ አውሮፕላኑ ጉዞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ማንም አላነሳም።

ውሌ ያለቀ ዕለት ማታ አንድ ጽሑፍ እያነበብኩ ነበር። ቀጣዩን ስከፍት የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። አስገባሁ። አካውንቱ ተዘግቷል አለኝ። ዳታዬን የምተነትንበት ሶፍትዌርም በአስተናጋጄ ዩኒቨርሲቲ ላይሰንስ ነበር የሚሠራው፤ አብሮ ተዘጋ። የ11 ወር ሥራዬ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ። ሃርድ ዲስኩ እጄ ላይ ነው። ፋይሉን ግን መክፈት አልቻልኩም።

ክፍሌ ስደርስ 4 ኮርስ ጠበቀኝ። "አንቺ አርፈሽ ነው የመጣሽው" አሉኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ዓመቱን ሙሉ የእኔን ተሸክመው ደክመዋል፤ ተራው የእኔ ነው ብለው ነው። ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ፈተና አርማለሁ። ጽሑፉ ከ2 ዓመት በላይ ፈጀብኝ። እዚያው ብቆይ ኖሮ በ3 ወር ይጠናቀቅ ነበር። መሃል ላይ የጋበዙኝ ፕሮፌሰር ኢሜይል መመለስ አቆሙ። አልፈርድባቸውም፤ ስንት ጊዜ "በሚቀጥለው ወር እልካለሁ" ብያቸዋለሁ።

እኔ ተመለስኩ፣ ሥራዬ ግን አልተመለሰም። ጋሼ ኃላፊው፣ ግዴታውን እንዳሻዎት ያጥብቁት። ይህን ካላስተካከሉ ያስገደዱት ሰው 2 ዓመቱን ቀን እየቆጠረ ነው የሚጨርሰው።

የታሪክ መምህሩ፦
እህቴ፣ የጻፍሽው ልቤን ነካኝ። እኔ ከሁለታችሁም ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ችግሩ የጊዜው ርዝመት ነው። ሰውን ለአንድ ዓመት ነቅለህ ከወሰድክ በኋላ "ተመለስ፣ አትመለስ" እያልክ መጨቃጨቅ አለ። ለምን ደጋግሞ ለአጭር ጊዜ አይሄድም?

የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን ከ1 እስከ 3 ወር የሚቆይ የምርምር ድጋፍ አለው። የአውሮፓ ኅብረቱ የልውውጥ ፕሮግራም ኢራስመስ ፕላስ ደግሞ ለማስተማር የሚሄደውን ከጥቂት ቀናት እስከ 2 ወር ይወስዳል፤ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ማስተማር አለበት። እኔ በእንዲህ ዓይነቱ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ክፍሌን አልለቀቅኩም። ተማሪዎቼም አልተበተኑም።

ተመላሿ፦
ለእርስዎ ይሠራል፤ መዝገብ ቤት ገብተው ሰነድ ፎቶ አንስተው ይወጣሉ። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የማሳድገው ነገር በሁለት ወር አይደርስም። የመጀመሪያው ወር የላብራቶሪ ደህንነት ሥልጠና፣ መግቢያ ካርድና ማሽን ላይ ወረፋ መያዝ ነው። ለማስተማር ከሆነ ግን እስማማለሁ። አጭር ቢሆንም ተደጋጋሚ ይሻላል።

ድህረ ዶክ፦
እዚህ ላይ አንድ የምታምታቱት ነገር ስላለ ላስተካክል። በአሜሪካው አሠራር ደጋግሞ መሄድም ራሱ ገደብ አለው። በፕሮፌሰር ወይም በተመራማሪ ምድብ ጄ ዋን የጨረሰ ሰው በዚያው ምድብ ተመልሶ ለመግባት 24 ወር መጠበቅ አለበት። ይህ አወያይ ከጠቀሱት የ2 ዓመት ግዴታ ጋር አንድ አይደለም። ቁጥሩ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይደባልቀዋል። የ2 ዓመቱ "አገርህ ላይ ኑር" ይላል። የ24 ወሩ የትም ብትኖር "በዚህ ምድብ ቶሎ አትመለስ" ነው። ተመላሿ የጀመረችውን ሥራ ለመጨረስ ልትሄድ ብትል በዚያ መንገድ አይሆንላትም። ለአጭር ጊዜ ምሁራን የተለየ ምድብ አለ፤ እሱም ከ6 ወር አያልፍም።

ጀርመኖቹ በዚህ ይሻላሉ። የሁምቦልት ፋውንዴሽን አንዴ የተቀበለውን ተመራማሪ አይረሳም። አገሩ ከገባ ከዓመታት በኋላም ለአጭር ጊዜ ተመልሶ እንዲሠራ ይደግፈዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአውሮፓ ኅብረቱ የማሪ ኪዩሪ ፌሎሽፕ ነው። ግሎባል የሚባለው ዓይነት ተመራማሪውን ከአውሮፓ ውጭ ከ1 እስከ 2 ዓመት ይልካል። ከዚያ 12 ወር አውሮፓ ውስጥ ባለው ተቋም መሥራት አለበት። ልብ በሉ፣ እዚህም ግዴታ አለ። ነገር ግን የዚያን የመመለሻ ዓመት ደመወዝ የሚከፍለው ግራንቱ ነው። የሚመለስበት ተቋምም ከመጀመሪያው ማመልከቻው ላይ ይገባል። ሰውየው ሲሄድ የት ጠረጴዛ ላይ እንደሚመለስ ያውቃል። እንዲህ ከሆነ እኔም ግዴታውን እደግፋለሁ።

የታሪክ መምህሩ፦
አንድ ነገር እንዳትዘነጋ። አውሮፓ የሚከፍለው ሰውን ወደ ራሱ ለመመለስ ነው። ወደ ሌላ አገር ለሚመለስ ሰው የአንድ ዓመት ደመወዝ ለመክፈል የሚፈልግ ሰጪ ማግኘት ከባድ ነው።

ድህረ ዶክ፦
ሙሉ ደመወዝ ማን አለ? ሰውየው አገሩ ደመወዝ አለው። የጎደለው ሌላ ነው። የላይብረሪው አካውንት ለአንድ ዓመት ክፍት ይቆይለት። ሶፍትዌሩ ይቆይለት። ለጥቂት ሳምንት ሄዶ የጀመረውን የሚጨርስበት የአውሮፕላን ቲኬት ይኑረው። ለአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ይህ ምን ያህል ወጪ ነው?

አልፎ ሂያጅ፦
እስካሁን ሁላችሁም የምታወሩት መመለስ ስለሚችል ሰው ነው። መመለስ የማይችልስ? በ1933 እንግሊዝ አገር ዛሬ ካራ የሚባለው ማኅበር የተመሠረተው ናዚዎች ከዩኒቨርሲቲ ያባረሯቸውን ምሁራን ለመርዳት ነው። እነዚያን ሰዎች "ጊዜያችሁ አልቋል፣ ወደ አገራችሁ" ማለት ይቻል ነበር? ዛሬም በጻፈው ጽሑፍ ወይም በሰጠው አስተያየት ምክንያት መመለስ የሚፈራ መምህር አለ። ቢሮ ከተጋራሁት ሰው ነው ያየሁት። ግራንቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሌሊት መተኛት አቆመ። ጠዋት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አገኘዋለሁ።

የአሜሪካው ሕግ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ለሚሳደድ ሰው ግዴታውን የሚያነሳበት መንገድ አለው። ግን ማስረዳት ያለብህ አንተ ነህ፤ በወረቀት። የሚያስፈራራህ ሰው ደግሞ ደብዳቤ አይጽፍልህም።

የክፍል ኃላፊው፦
በዚህ አልከራከርም። ነፍሱን የሚፈራ ሰው ይመለስ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

ስለ ቀረው ግን አቋሜን ሙሉ በሙሉ አልለቅም። ዕዳ አለ ብያለሁ፣ ዕዳው አለ። ትናንት ማታ ግን ተመላሿ የጻፈችውን ደግሜ አነበብኩት። "አርፈሽ ነው የመጣሽው" የሚለውን እኔም ብያለሁ። ለአንድ መምህራችን፣ በመጣ በሳምንቱ፣ ስብሰባ ላይ። እሱም ሳቅ ብሎ ዝም አለ። በዓመቱ ለቀቀ። እስከ ዛሬ ደመወዝ ፍለጋ ነው የሄደው ስል ነበር።

አሁን የሚወጣ አንድ መምህር አለን። የፈቃድ ደብዳቤው ገና አልተፈረመም። ሲመለስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ እንዲይዝ ደብዳቤው ላይ ላስገባ አስቤያለሁ። የክፍሉ ሰዎች ይስማማሉ ወይ የሚለው ነው የሚያሳስበኝ።

ተመላሿ፦
ከመሄዱ በፊት ይጠይቋቸው፤ ሲመለስ ከሆነ እምቢ ይላሉ፣ ደክመዋልና። ኮርሱን የሚይዝለት ማን እንደሆነም በስሙ ይጻፍ፤ ለዚያ ሰው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይያዝለት። እኔ ስመለስ ያኮረፉኝ ሰዎች ሳንቲም አልተከፈላቸውም ነበር። እኔ ደግሞ አላወቅኩም።

አንድ ደግሞ። ዳታውን ሲጨርስ በማንኛውም ሶፍትዌር በሚከፈት ፋይል አድርጎ እንዲያወጣው ይንገሩት። ውሉ ከማለቁ አንድ ወር ቀደም ብሎ። እኔን የነገረኝ አልነበረም።

ጀማሪዋ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የግብዣ ደብዳቤ መጥቶልኛል፣ ፉልብራይት ልሞክር ነው። ባለቤቴ ለትዳር አጋር በሚሰጠው በጄ ቱ ቪዛ አብሮኝ ሊሄድ ያስባል። እሱ የራሱ ሙያ አለው። የ2 ዓመቱ ነገር የሚመለከተው እኔን ብቻ ነው አይደል?

ድህረ ዶክ፦
አይደለም እህቴ። አንቺ ከታሰርሽበት እሱም አብሮ ይታሰራል። በአንቺ ምክንያት የገባ ስለሆነ ግዴታው ለእሱም ነው። እዚያ ሥራ አግኝቶ የሥራ ቪዛ ልለውጥ ቢል አይችልም። እኔ ይህን ያወቅኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ ለባለቤቴ የነገርኳት ደግሞ ቪዛው ከመጣ በኋላ ነው። ወረቀቱን ዛሬ ማታ አብራችሁ አንብቡት።